ሙያ በልብ ብቻ እንዳይቀር
በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ባልትና ትምህርት የተደረገ ንግግር



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ዕለት ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በእንዲህ ያለው በዓል ስለ ዕውቀት ብርሃንነት፥ ስለ ወጣቱ ትውልድ ኃላፊነትና ስለ አገር ዕድገት መናገር የተለመደ ነው። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ከዚህ ዝቅ ያለ ሊመስል ይችላል፤ የምናገረው ስለ ምጣድ፥ ስለ ድስትና ስለ ሊጥ ነውና። ይሁን እንጂ ከድስቱ ጋር መጽሐፍም ይዤ ስለ መጣሁ እስከ መጨረሻው እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

አሳቤ በአጭሩ ይህ ነው። በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ የሚገኘው ምግብ ለባልትና ትምህርት ጥሩ መነሻ ሊሆን ይችላል። የባልትናው ትምህርት ደግሞ በተራው መጽሐፉን ጠልቀን እንድናነብ ይረዳናል። ሁለቱም በአንድነት ሲሄዱ፥ እስከ ዛሬ በእናቶቻችን ልብ ብቻ የኖረው ሙያ በወረቀት ላይ ሊሰፍር ይችላል። እንግዲህ የምናገረው ሁሉ ይህን ለማስረዳት ነው።

ባልትና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በርበሬ መደለዝን፥ ሽሮ ማሰናዳትንና ቅቤ ማንጠርን ብቻ ነው። የቃሉ ስፋት ግን ከዚህ ያልፋል። ያለውን አብቃቅቶ መኖር፥ የክረምቱን ስንቅ በበጋ ማዘጋጀት፥ እህልን ከነቀዝ መጠበቅ፥ እንግዳን ሳያፍሩ መቀበል፥ ሕመምተኛን በሚስማማው መብል ማስታመም፤ ይህ ሁሉ ባልትና ነው። በአገራችን የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ውስጥም የቤት ሙያ ቦታ ነበረው። በ1923 ዓ.ም የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሴቶች ልጆችን ከቀለም ትምህርት ጋር የእጅ ሥራና የቤት አያያዝ ያስተምር ነበር። የዚያን ዘመን አስተሳሰብ ግን ሙያውን ለሴት ልጅ ብቻ የተመደበ አድርጎ ያይ ስለ ነበር፥ ወንዱ ተማሪ ከምጣዱ እንደ ራቀ ቀረ።

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ባለሙያ ሰው ዝም ብሎ ይሠራል እንጂ አይፎክርም ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ምሳሌ አንድ ስውር ጉዳት አለው። በልብ ብቻ የተቀመጠ ሙያ ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። አንዲት ባለሙያ እናት ስታርፍ ከእርስዋ ጋር ስንት ዓይነት ወጥ፥ ስንት ዓይነት ዳቦ፥ ስንት ዓይነት የስንቅ አዘገጃጀት አብሮ እንደሚሄድ የቈጠረ ማን ነው? ሴት ልጅዋ ከጎንዋ ሆና ካልተማረች፥ ወይም ለትምህርትና ለሥራ ከቤት ርቃ ከሆነ፥ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው።

«ታዲያ ይህን ሥነ ጽሑፍ እንዴት ያድነዋል?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ጥቂት ጽሑፎችን እየጠቀስሁ፥ ከያንዳንዱ ምን ዓይነት ትምህርት ሊወጣ እንደሚችል ላሳያችሁ።

ከጥንቱ እንነሣ። በመካከለኛው ዘመን ለቤተ መንግሥት ግብር የሚያስፈልገውን መብልና መጠጥ፥ የማዕዱንም ደንብ የሚዘረዝር «ሥርዓተ ግብር» የሚባል ጽሑፍ አለን። ወደኛ ዘመን ቀረብ ስንል ደግሞ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉትን የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ እናገኛለን። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በ1880 ዓ.ም የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በተመረቀ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ያሰናዱት ታላቅ ግብር ይተረካል። እቴጌ ጣይቱ ወገናቸው ከየጁ፥ ከስሜንና ከዚሁ ከበጌምድራችን የሚመዘዝ ሴት ስለ ነበሩ ታሪኩ ለኛ የሩቅ አይደለም።

አንድ የታሪክ አስተማሪ ይህን ክፍል ካስነበበ በኋላ ተማሪዎቹን እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። «ለ60 እንግዶች ግብር አዘጋጁ ብትባሉ ምን ያህል እንጀራ ያስፈልጋችኋል?» ለአንድ ሰው 2 እንጀራ ቢታሰብ 120 ይሆናል። አንዱ እንጀራ ተጋግሮ ከምጣድ እስኪወጣ 3 ደቂቃ ቢፈጅ፥ 120ው እንጀራ 360 ደቂቃ፥ ማለት 6 ሰዓት ሙሉ በአንድ ምጣድ ፊት መቀመጥን ይጠይቃል። በዚህ ላይ እህሉን ለመልቀም፥ ለማስፈጨት፥ ለማቡካት፥ እንጨቱን ለመፍለጥ፥ ውኃውን ለመቅዳት የሚሄደው ጊዜ አልተቈጠረም። ተማሪዎቹ ይህን በደብተራቸው ካሰሉ በኋላ ወደ መጽሐፉ ቢመለሱ፥ በታሪኩ ውስጥ በአጭር የተነገረው ግብር በማድ ቤት ስንት ቀንና ስንት ሌሊት እንደ ነበረ ይገባቸዋል። ለሺህ ሰው የሚበቃ ግብር ሲነበብ በስተጀርባው የሺህ እጅ ድካም መኖሩን ያያሉ። እነሆ፥ የሂሳብ፥ የታሪክና የባልትና ትምህርት በአንድ ሰዓት ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የራሳችን ልጅ ናቸው። በ1814 ዓ.ም በዚሁ በፎገራ፥ በናበጋ ጊዮርጊስ እንደ ተወለዱ የሚነገርላቸው አለቃ ገብረ ሐና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሊቅ ነበሩ። የተክሌ ዝማሜ የሚባለው አቋቋም ከስማቸው ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ አካሄዱንም ከጣና ሞገድና በሞገዱ ከሚወዛወዘው ደንገል እንደ ቀዱት ይባላል። አገር ሁሉ የሚያውቃቸው ግን በጨዋታቸው ነው። በእርሳቸው ስም ከሚነገሩት ጨዋታዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በመሶብ ዙሪያ መሆኑን አስተውላችኋል? የቀጠነ ወጥ፥ የሳሳ እንጀራ፥ እንግዳ ሲመጣ የሚደበቅ ሌማት፥ «ይብሉ እንጂ» እያለ እጁን የሚሰበስብ ንፉግ ባለቤት፤ አለቃ የሚነድፉት ይህን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ቀልድ የሚያስቀው ደንቡ ሲታወቅ ነው። ጥሩ ሽሮ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት የማያውቅ ልጅ፥ ስለ ቀጠነ ሽሮ በሚነገረው ጨዋታ ሊስቅ አይችልም። ስለዚህ የአማርኛው አስተማሪ ጨዋታውን ካስነገረ በኋላ ክፍሉን ወደ ማድ ቤት ይዞ ይሂድ። በሦስት ድስት ሦስት ዓይነት ሽሮ ይሠራ፤ ዱቄቱ እኩል፥ ውኃው የተለያየ ይሁን። አንደኛው ለምን እንደ ቀጠነ፥ ሁለተኛው ለምን እንደ ጓጐለ፥ ሦስተኛው ለምን እንዳማረበት ተማሪዎቹ ራሳቸው ይመርምሩ። የሽሮው ዱቄት ሙቀት ሲያገኝ ውኃውን እየመጠጠ እንደሚያብጥና ወጡን እንደሚያወፍረው፥ ሳይማሰል ባንድ ጊዜ ከተጨመረ ግን ውጩ በስሎ ውስጡ ደረቅ ሆኖ እንደሚጓጕል ያኔ በዓይናቸው ያዩታል። ከዚያም በላይ የእንግዳ አቀባበልን ደንብ ይማራሉ፤ የአለቃ ጨዋታ ዋናው ትምህርት ስለ ሽሮው ሳይሆን ስለ ሰው ልብ መሥፋትና መጥበብ ነውና።

ሦስተኛውን ምሳሌ ለመፈለግ ዓባይን ተሻግረን ጎጃም እንግባ። በ1958 ዓ.ም የታተመውን የክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በዛብህና ሰብለ ወንጌል በፍቅራቸው ይታወሳሉ፤ እኔ ግን ዛሬ ሌላውን ገጹን ላንሣ። በዛብህ የቅኔ ተማሪ ነበር። የአብነት ተማሪ ደግሞ ከቤተሰቡ ርቆ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ በየመንደሩ ቁራሽ እየለመነ፥ ያገኘውን እህል እየቈላ የሚማር ነው። «የቆሎ ተማሪ» የተባለውም ስለዚሁ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሰው የሚጓዘው በእግሩ ነው፤ በእግር የሚጓዝ ሰው ደግሞ ያለ ስንቅ አይወጣም።

ከዚህ የሚወጣው የማድ ቤት ትምህርት ስለ ስንቅ ይሆናል። ቆሎ፥ በሶ፥ ጭብጦ፥ ድርቆሽ፤ እነዚህን አራቱን ተማሪዎች ሠርተው ያስቀምጡ፤ ካጠገባቸውም አንድ እርጥብ እንጀራ ይኑር። ከሳምንት በኋላ እንጀራው ሻግቶ አራቱ ደኅና ሆነው ሲገኙ ምክንያቱን ይጠይቁ። ሻጋታ ያለ እርጥበት አይበቅልም፤ አያቶቻችን ይህን ማጉያ መነጽር ሳይኖራቸው አውቀውታል። ሌላም ቁም ነገር አለ። የቆሎ ተማሪ ወንድ ልጅ ነው። በጎጆው እሳት የሚያነደው፥ እህሉን የሚቈላው፥ ጎመኑን የሚቀቅለው እርሱ ራሱ ነው። እንግዲህ «ወንድ ልጅ ማድ ቤት አይገባም» የሚለው አነጋገር ስንቱን ሊቅና ስንቱን ባለቅኔ እንደሚያስቀይም አስቡት! ሊቃውንቱ ሁሉ አንድ ጊዜ ጭስ የጠጡ ናቸው።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ባላገሮች ጌታቸው ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ በላይ ቢጠይቋቸው እንቢ ብለው መነሣታቸውም ተጽፏል። ይህን ያነበበ ተማሪ በእልፍኙ የሚቀርበው ማዕድ ከየት እንደሚመጣ፥ አራሹ ምን እንደሚቀርለት መጠየቅ አለበት። መብልን ማወቅ ማለት የሚጣፍጠውን ከማይጣፍጠው መለየት ብቻ አይደለም፤ የማን ወዝ እንዳለበት ማወቅም ነው።

አራተኛው ምሳሌዬ በአንድ ቃል ላይ የቆመ ነው። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም ላሳተመው ልብ ወለድ «አደፍርስ» የሚል ስም ሰጠው። ሕዝባችን «ሳይደፈርስ አይጠራም» ይላል። ይህ አነጋገር ከጓዳ የወጣ ነው። መደፍረስ፥ መጥራት፥ መዝቀጥ፥ መጥለል፤ ሁሉም ከጋንና ከቡሖ ዕቃ አጠገብ የተወለዱ ቃላት ናቸው። ይሁንና ከተማሪዎች መካከል እንጀራ ከገበያ እየገዛ የሚያድግ አለ፤ እርሱ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ሊያገኘው ይችላል፤ ሲጠራና ሲደፈርስ ግን አላየም።

ስለዚህ ሊጥ ይቡካ። ለ2 ወይም ለ3 ቀን ይቀመጥ። ሊጡ ሲብላላ አረፋ እንደሚያወጣ፥ ከዚያም ዱቄቱ ወደ ታች ዘቅጦ ቢጫማው ውኃ ከላይ እንደሚጠልል ተማሪዎች ይመልከቱ። ያ የጠለለው ውኃ ይቀዳ፤ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ እንደ ገንፎ ይማሰልና አብሲት ይሁን፤ ሲበርድም ተመልሶ ይጨመር። አብሲት ያለበትና የሌለበት ሊጥ በሁለት ምጣድ ይጋገር። የአንዱ ዓይን ለምን እንዳማረ፥ የሌላው ለምን እንደ ደነዘ የሚጠይቅ ተማሪ ሳይንስን ጀመረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጽሐፉን ስም ሲያነብ ቃሉ በዓይኑ ፊት ይፈላል፤ ኅብረተሰብም እንደ ሊጥ እንዴት ደፍርሶ እንደሚጠራ ለመረዳት መንገዱ ይከፈትለታል።

አሁን የምናገረው አምስተኛው ምሳሌ ከሁሉ የከበደ ስለ ሆነ ጆሮአችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። ሥነ ጽሑፍ የጥጋብን ታሪክ ብቻ አይጽፍም። የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» በተባለው ተከታታይ ልብ ወለዱ መጀመሪያ ላይ የጻፈው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም ወሎን ስለ ጎዳው ረኃብ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አንብቦ ወደ ማድ ቤት መሄድ ይቻላል ወይ? ይቻላል ብቻ ሳይሆን ይገባል እላለሁ። ረኃብ ሲመጣ ሰው የሚበላው ሌላ ነው፤ አበሳሰሉን አለማወቅም ዋጋ ያስከፍላል።

ለኛ አገር ምሳሌው ጓያ ነው። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን መሬትም የሚችል፥ ሌላው እህል ሲከዳ የማይከዳ ጥራጥሬ ነው። ሰው ግን ለወራት ጓያን ብቻ ወይም አብዝቶ ሲበላ፥ በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭን ጎድቶ እግርን ያሰናክላል። በሽታው ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። በፎገራና በደምብያ ሐኪሞች ያጠኑት በሽታ ስለ ሆነ ነገሩ ለኛ ወሬ አይደለም። አንዳንድ ሰው በሽታው የሚመጣው ከጓያው እንፋሎት ነው ሲል ይሰማል። የጥናቱ ውጤት ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። ጉዳት ያመጣው መብሉ ሲሆን፥ ይልቁንም እንደ እሸት፥ እንደ ቆሎና እንደ ንፍሮ የተበላው ነው። ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ፥ ወይም በሽንኩርትና በቅመም በሽሮ መልክ የተበላው አደጋው አነስ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ጓያን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ከመርዙ የተወሰነውን ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

እንግዲህ ተመልከቱ፤ አንዲት ልጅ ወይም አንድ ወንድ ልጅ ይህን በትምህርት ቤት ተምሮ ለቤተሰቡ ቢነግር፥ በክፉ ቀን የወንድሙን እግር ሊያተርፍ ይችላል። በሥነ ጽሑፍ ክፍል የረኃብን ታሪክ አንብቦ ማልቀስ ሰብአዊነት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ጓያን መዘፍዘፍና ከእህል ጋር መቀየጥን መማር ግን ከእንባው ይበልጥ ይጠቅማል።

ከባሕር ማዶ አንድ ብቻ ልጥቀስ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ ባወጣው «ኦሊቨር ትዊስት» በተባለው መጽሐፉ፥ በድኾች ማደሪያ የሚያድግ ወላጅ የሌለው ልጅ ከቀጭን አጥሚቱ እንዲጨመርለት ሲጠይቅ እንደ ታላቅ ወንጀል ተቈጥሮበታል። ተማሪዎች ይህን ካነበቡ በኋላ አጥሚት ይሥሩ፤ አንዱን በውኃ ብቻ፥ ሌላውን ከገብስና ከአጃ ዱቄት ጋር ጥራጥሬ አክለው፥ በወተት። ልጅን የሚያሳድገው የትኛው እንደ ሆነ ይነጋገሩ። በዚያን ጊዜ የፎገራ ላም ለምን እንደምትመሰገን፥ ሕፃን ላለበት ቤት ወተት ምን ማለት እንደ ሆነ ይረዳሉ።

ይህን ካልሁ በኋላ ወደ ደጃፋችን ልመለስ። ከወረታ ወጣ ብላችሁ በክረምት ሜዳውን ብታዩ፥ ርብና ጉማራ ሞልተው፥ ማሳው ውኃ ተኝቶበት፥ ሩዙ አረንጓዴ ሆኖ እስከ ጣና ዳርቻ ተዘርግቶ ይታያል። የዛሬ ተማሪ ይህ ሩዝ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሩዝ በፎገራ ሜዳ መዘራት የጀመረው በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮርያ በመጡ ባለሙያዎች ረዳትነት ነው። ዛሬ በዚሁ በወረዳችን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መሬቱም መሶቡም ተለወጠ። ከብት ይሰማራበት የነበረው ረግረግ የሩዝ ማሳ ሆነ፤ የግጦሹ መሬት በጠበበ መጠን የፎገራ ላምም እየተመናመነች ሄደች።

እናቶቻችን ግን ለዚህ እንግዳ እህል መልስ ለመስጠት ማንንም አልጠበቁም። ሩዙን ፈጭተው እንጀራ አደረጉት፤ ዳቦ ጋገሩበት፤ ገንፎ አገነፉበት፤ ጠላም ጠመቁበት። የሩዝ እንጀራ ትኩሱን ነጭና ለስላሳ ሲሆን ካደረ ቶሎ እንደሚደርቅና እንደሚሰባበር ባዩ ጊዜ ከጤፍ ጋር እየቀየጡ መጠኑን አገኙት። ይህ ምርምር አይደለም ወይ? ስንት እጅ ጤፍ ለስንት እጅ ሩዝ? እርሾው ይብዛ ወይስ ይነስ? አብሲቱስ? እያንዳንዷ እናት የራስዋ መልስ አላት፤ መልሱ ያለው ግን በልብዋ ነው። ሙያ በልብ ነው ያልነው እዚህ ላይ ይታወሳል።

ስለዚህ እስካሁን ከመጽሐፍ ወደ ምጣድ ስንሄድ ቆይተን፥ ከዚህ በኋላ ከምጣድ ወደ መጽሐፍ መመለስ አለብን። ጥንታዊው መጽሐፍ የነገሥታቱን ግብር ጽፎልናል፤ የፎገራን የሩዝ እንጀራ የሚጽፈው ግን ሌላ ማንም አይደለም፤ እናንተ ናችሁ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የባልትና ደብተር ይኑረው። በዚያም ውስጥ የምግቡን ስም፥ መጠኑን፥ የሚፈጀውን ጊዜና ማገዶ፥ የሚሠራበትን ወቅት ወይም በዓል፥ የሚነገርበትንም ቃል ይጻፍ። በተለይ ግሦቹን አትርሱ። መቍላት ሌላ፥ ማመስ ሌላ፥ ማቍላላት ሌላ ነው፤ መከካት፥ መደለዝ፥ መሰለቅ፥ መንፋት፥ ማበጠር እያንዳንዱ የራሱ እጅና የራሱ ዕቃ አለው። «ሠራችው» ብሎ በአንድ ቃል የሚያልፍ ደራሲና ግሡን በቦታው የሚያስቀምጥ ደራሲ እኩል አይደሉም። የነገዎቹ ደራሲዎች ቃላቸውን የሚሰበስቡት ከዚሁ ጓዳ ነው።

ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ቢሆንም መምህራኑ ጥቂት ነገር እንዲያስቡበት አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ ትምህርቱ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ይሰጥ። ወንዱ ልጅ ነገ ለከፍተኛ ትምህርት ወይም ለሥራ ሲወጣ፥ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ሽሮ መሥራት ካቃተው ዲግሪው አያበስልለትም። ሴቷም ማገዶ ስትለቅምና ስትጋግር ጥናትዋ የሚበደልባት ወንድምዋ ምጣዱን ስለማይካፈላት ነው።

ሁለተኛ፥ የሁሉም ሃይማኖት ይከበር። በትምህርት ቤታችን ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ይማራል፤ የሥጋው ነገር ግን እንደየሃይማኖቱ ነው። የሽሮ፥ የምስር፥ የጎመን፥ የሽምብራ ዓሣ፥ የተልባና የስልጆ ትምህርት ቢቀድም ሁሉም ከአንድ ማዕድ ሊቀርብ ይችላል። ዶሮን 12 ብልት አድርጎ ማውጣትን የመሰለው ሙያ በሥዕል ሊገለጽ ይችላል፤ ተግባሩን እያንዳንዱ በየቤቱ ይሞክረው።

ሦስተኛ፥ ንጽሕናና ጥንቃቄ ይቅደም። እጅ ሳይታጠብ ሊጥ አይነካ፤ እሳት ያለ ጠባቂ አይተው፤ ጭሱ የሚወጣበት መስኮት ይኑር።

አራተኛ፥ የተበላው ሁሉ ይጻፍ። ሳይጻፍ የተበላ ትምህርት ግብዣ እንጂ ትምህርት አይሆንም። የአማርኛው አስተማሪ ጽሑፉን፥ የሳይንሱ አስተማሪ ምክንያቱን፥ የሂሳቡ አስተማሪ ልኩን ይመርምር። ከጽሑፎቹ የተሻሉት ተመርጠው በትምህርት ቤቱ መጽሔት ቢወጡ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፎገራ ባልትና የሚባል አንድ መጽሐፍ በእጃችን ይኖረናል።

ክቡራን ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ደብተር ይዞ ወደ ጓዳ ቢገባና «እማዬ፥ እርሾው ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ «ሂድና ጥናትህን አጥና» ብላችሁ አታባርሩት። ያ ጥናቱ ነው። «በዓይን ነው እንጂ በልክ አይደለም» ብትሉትም፥ ዓይናችሁ የለካውን በጣሳ ይለካው ዘንድ ፍቀዱለት። ማንበብና መጻፍ ያልተማራችሁ እናቶችም በዚህ ትምህርት ውስጥ አስተማሪዎች ናችሁ እንጂ ተማሪዎች አይደላችሁም። ትምህርት ቤቱ በሩን ከፍቶ፥ ባለሙያ እናቶችን በየተራ እየጋበዘ በክፍሉ ፊት ቢያቆማቸው ክብሩ ለሁላችንም ነው።

እናንተ ውድ ተማሪዎች፤ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የምትጀምሩት ከሩቅ አይደለም። ዛሬ ማታ በየቤታችሁ ሊጥ ይቦካል፤ ወይም የነገው እንጀራ ይጋገራል። አጠገቡ ተቀመጡ፤ ጠይቁ፤ ጻፉ፤ እጃችሁንም አበድሩ። በመጽሐፍ ያነበባችሁት ማዕድ በእጃችሁ ይሠራ፤ በእጃችሁ የሠራችሁትም ማዕድ በመጽሐፍ ይጻፍ።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜን፥ ለመምህራኑ ጤናን፥ ለቤታችሁም የማይጎድል መሶብን እየተመኘሁ ንግግሬን በዚሁ እፈጽማለሁ።